ሰማያዊዋ ሣጥን

ያኔ ቤታችን ውስጥ ጠብ የሚያስነሳው ኪራይ ወይም የዕቃ አጠባ ተራ አልነበረም፤ ኢንተርኔት ነበር። ዘመኑ 2006 ነው (ከአንድ ምርጫና ከአንድ እንቁጣጣሽ በቀር እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፤ ከተማው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። አራት ሆነን ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ተደብለን እንኖር ነበር። ታላቃችን ታክሲ ይነዳሉ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሌሊት ሥራ ጨርሰው ሲገቡ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ፓልቶክ የሚባለውን የድምፅ መወያያ ፕሮግራም ይከፍታሉ። የ1997ቱ ምርጫ ያስነሳው ክርክር ገና አልበረደም፤ የዳያስፖራው ሸንጎ ደግሞ ፓልቶክ ነበር። ሰው እጅ ያወጣል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ማይክ ሲሰጠው ይናገራል። ጋሼ እጃቸውን አውጥተው ሲጠብቁ ያመሹና፣ ልክ ተራቸው ደርሶ «ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ» ሲሉ ድምፃቸው ይቆራረጣል። አወያዩ «አይሰማም፣ ወንድም፣ አይሰማም» ብሎ ማይኩን ለሌላ ይሰጣል። የዚያን ጊዜ ጋሼን ማየት ነው!

«ይሄ ነገር ሌባ አለበት» አሉ አንድ ሌሊት።

ጥርጣሬው መጀመሪያ ያረፈው ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ በሚኖሩት የኤል ሳልቫዶር ቤተሰብ ላይ ነው። ምንም አላደረጉንም፤ በአሳንሰሩ ስንገናኝ ፈገግ ከማለት በቀር። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ዞረና ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰውን፣ ፊልም ማውረድ የማይሰለቸውን ልጅ ያዘ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ሁሉም ሁሉንም ጠርጥሮ ጨረሰ። እኔ ማታ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት እየቆረጥኩ ቀን ኮሌጅ ኔትወርኪንግ እማር ነበርና፣ ዳኝነቱ በእኔ ላይ ወደቀ። «አንተ አይደለህ የምትማረው? እስቲ ያስተማሩህን አሳየን» አሉኝ ጋሼ። ያስተማሩኝ ግን በአብዛኛው ስለ ኬብል ነበር። በአየር ላይ የሚሄደውን እንዴት እንደሚያዩት ማንም አላሳየኝም።

መንገዱን ያገኘሁት ሰው ከጋራዡ ደጃፍ ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ከሚሸጥበት ቦታ በርካሽ በገዛኋት አንዲት ራውተር ነው። ሊንክሲስ ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ። ፊቷ ሰማያዊ፣ ገላዋ ጥቁር፣ ከኋላዋ ሁለት አንቴና። በዚያ ዘመን አሜሪካ የኖረ ሰው ስሟን ባያውቅ እንኳ መልኳን አይረሳም፤ በብዙ ቤት ነበረች። ለገበያ የወጣችው በ2002 መጨረሻ ነበር። በወጣች በወራት ውስጥ ነገር የሚፈታቱ ሰዎች ፈርምዌሯን (ከውስጥ የሚያሠራትን ሶፍትዌር) ሲመረምሩ ሊኑክስ ላይ የተሠራ መሆኑን አገኙ። ሊኑክስ ደግሞ በነጻ የሚሰጥ ቢሆንም ግዴታ አለው፤ ጂ ፒ ኤል የሚባለው ፈቃድ፣ ሶፍትዌሩን በምርትህ ውስጥ አድርገህ የሸጥህ እንደሆነ ምንጩን ኮድ ለተጠቃሚው ስጥ ይላል። ሊንክሲስን በዚያው በ2003 የገዛው ሲስኮ ነው። ጥያቄው ሲበረታ ኮዱ ተለቀቀ። ከዚያ ኮድ ተነሥተው በ2004 መጀመሪያ ላይ ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የሚባለውን ሥራ የጀመሩ ሰዎች ተራዋን የቤት ራውተር ሙሉ ኮምፒዩተር አደረጓት። የቤት ኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ፍሬ ያፈራ አጋጣሚ አላውቅም። ማንም አቅዶ ያደረገው አይደለም፤ ፈቃዱን ያነበበ ሰው በመኖሩ የሆነ ነው።

ኮምፒዩተር ስላት ግን ሰው እንዳይስቅ። የእኔዋ 16 ሜጋባይት ራምና 4 ሜጋባይት ፍላሽ ነበራት፤ ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ እንኳ በቅጡ የማይገባበት ቦታ ማለት ነው። እሱም ዕድል ነው። ኩባንያው በ2005 መጨረሻ አምስተኛውን ስሪት ሲያወጣ ሊኑክሱን ትቶ ቪኤክስወርክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ተክቶ፣ ራሙን ወደ 8፣ ፍላሹን ወደ 2 ሜጋባይት አውርዶት ነበር። ሊኑክስ ለሚፈልጉት ሲል ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ ኤል የሚባለውን ለብቻው አወጣ። ስለዚህ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሣጥኗን ገልብጦ ከሥሯ የተለጠፈውን የስሪት ቁጥር ማንበብ ነበር። ሻጩ ሴትዮ ስገለብጣት አይታ የተሰነጠቀ የምፈልግ መስሏት «ደህና ናት፣ ደህና ናት» ትለኝ ነበር።

አዲሱን ፈርምዌር መጫን ልብ የሚያንጠለጥል ሥራ ነው። ራውተሯ ኤሌክትሪክ ስታገኝ ከመነሣቷ በፊት ለጥቂት ሰከንድ ጆሮዋን ትሰጣለች፤ በዚያች ቅጽበት በቲ ኤፍ ቲ ፒ ፋይሉን ወደ 192.168.1.1 መላክ አለብህ። ብትዘገይ አሮጌው ይነሣል፤ ሶኬቱን ነቅሎ እንደገና ነው። ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢቋረጥ ደግሞ ሣጥኗ ምንም የማትሠራ ፕላስቲክ ሆና ልትቀር ትችላለች። ደባሎቼ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ያዩ ነበር። ጋሼ ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ነበር፤ ከዚያ መብራቶቿ ብልጭ ብለው ረጉና ተርሚናሉ ላይ በፊደል የተሠራው የኦፕን ደብልዩ አር ቲ አርማ ወጣ። «ይሄ ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ፤ ለእሳቸው ምንም አልነበረም።

ከዚያ ኪስሜት መጣ። ኪስሜት አየሩን የሚያደምጥ ፕሮግራም ነው፤ ምንም አይልክም፣ ከማንም ጋር አይገናኝም፣ የሚያልፈውን ፓኬት፣ ማለትም የመረጃ ቁራጭ፣ ሁሉ ይሰማል። ራውተሯ ሙሉውን ፕሮግራም የምትሸከምበት አቅም ስለሌላት፣ ድሮን የሚባለው ትንሹ ክፍሉ ብቻ እሷ ላይ ይጫናል። ድሮኑ የሰማውን በኬብል ወደ ላፕቶፑ ይልካል፤ ማሰቡና መመዝገቡ የላፕቶፑ ሥራ ነው። የዋየርለሱን ካርድ ሞኒተር ሞድ በሚባለው የማድመጫ ሁኔታ ውስጥ ስታስገባው ግን ራውተሯ ዋይፋይ መስጠቷን ታቆማለች። ስለዚህ የቤቱ ራውተር በነበረበት፣ ፍሪጅ አናት ላይ ተቀመጠ፤ የእኔዋ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ወጥታ አድማጭ ሆነች። በአንድ ጊዜ አንድ ቻናል ብቻ ነው የምትሰማው፤ ከ1 እስከ 11 እየዘለለች እንድታደምጥ ጥቂት መስመር ስክሪፕት ጻፍኩላት።

ያንን ስክሪን ያየሁበትን ምሽት አልረሳውም። ዝርዝሩ እየወረደ፣ እየወረደ፣ ከስክሪኑ ሥር አለፈ። ሕንጻው በሙሉ ይናገር ነበር። ያኔ ሰው የራውተሩን ስም አይቀይርም፤ «ሊንክሲስ»፣ «ሊንክሲስ»፣ «ኔትጊር»፣ «ዲፎልት»፣ እንደገና «ሊንክሲስ»። ከመሃል አንዱ «ጣና» ይላል። የትኛው ሐበሻ ይሆን ብለን ተከራከርን፤ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እያንዳንዱ ራውተር በሰከንድ ወደ አሥር ጊዜ ያህል «አለሁ» እያለ ስሙን ይጠራል፤ ኪስሜት የሚሰበስበው መጀመሪያ ይህንን ነው። አብዛኞቹ ቻናል 6 ላይ ተፋፍገው ነበር፤ ሊንክሲስ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚቀመጥበት ቻናል ስለሆነ። የእኛም እዚያው ነበረ። ገሚሱ ምንም መቆለፊያ የለውም፤ የተቆለፈው ደግሞ ዌፕ በሚባለው የቆየ መቆለፊያ ነው። ዌፕ ተሰባሪ መሆኑን ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች ካሳዩ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። በ2007 መጀመሪያ ቲ ጄ ኤክስ የተባለው የሱቆች ኩባንያ ከ45 ሚሊዮን በላይ የካርድ ቁጥር እንደተዘረፈበት ዓለም ሲሰማ፣ ሌቦቹ ከገቡባቸው በሮች አንዱ ይኸው በዌፕ የተቆለፈ የሱቅ ዋይፋይ ነበር። እኛም ቤት ዌፕ ነበር። በማግስቱ ወደሚሻለው መቆለፊያ፣ ወደ ደብልዩ ፒ ኤ ቀየርኩት።

ሌባው ግን የለም። ከራውተራችን ጋር የሚነጋገሩት ማሽኖች አራት ናቸው፤ የአራቱንም የፋብሪካ መለያ አድራሻ ከላፕቶፖቹ ሥር አንብቤ አረጋገጥሁ። የላይኛው ፎቅ ቤተሰብ የራሱ ራውተር አለው፤ ከእኛው የተሻለ የተቆለፈም ነበር። ፊልም የሚያወርደው ልጅ ጋሼ ፓልቶክ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ተኝቷል። ሁሉም ነጻ ወጡ፤ ድምፁ ግን መቆራረጡን አልተወም።

ስለዚህ ስክሪፕቱን አቁሜ ሣጥኗን ቻናል 6 ላይ ተከልኳት፤ አትዝለይ፣ እዚሁ ስሚ። ኪስሜት የመዘገበውን ፋይል ኢተሪያል በሚባለው ፕሮግራም እከፍተዋለሁ (ስሙ ዋየርሻርክ የተባለው በዚያው ዓመት ነው)። በዋይፋይ አንድ ፓኬት ተልኮ መድረሱ ካልተረጋገጠ እንደገና ይላካል፤ ሲደገምም «ይህ ድጋሚ ነው» የሚል ምልክት ይጨመርበታል። ምዝገባውን ስመለከት ሌሊቱ ሰላም ነው፤ ከዚያ ድንገት ድጋሚው ይበዛል፣ የሚያልፈው ፓኬት ቁጥር ይወርዳል፤ ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲህ ይቆይና በአንዴ ተቆርጦ ያበቃል። ሁለት ደቂቃ! የሰው ሥራ ነው እንጂ የሞገድ ጠባይ አይመስልም። ሰዓቱን ጽፌ ያዝኩና በሚቀጥለው ሌሊት ሳልተኛ ጠበቅሁ።

ጋሼ ገቡ። ፓልቶክ ከፈቱ። እጃቸውን አወጡ። «እንግዲህ ተራዬ እስኪደርስ» አሉና ተነሥተው ሽሯቸውን ማይክሮዌቩ ውስጥ ከተቱ።

የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ዋይፋያችን ደግሞ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ጀምሮ። ጎረቤታሞች የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ይህ የሞገድ ክልል ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች ከተተወ ቆይቷል፤ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1985 ያለ ፈቃድ ለመገናኛም እንዲውል ሲፈቅድ ዋይፋይ የሚወለድበትን ቦታ ሰጠው፤ ቦታው ግን የምድጃው ጎረቤት ነበር። ምድጃው በብረት ተሸፍኗል፤ ከበሩ ዳር የሚያመልጠው ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂቱ ግን ከራውተር ኃይል ጋር ሲተያይ ጥቂት አይደለም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ተራው ምድጃ ከእያንዳንዱ ዙር በግማሹ ያህል ይረጫል፣ በግማሹ ዝም ይላል፤ ወደ ስምንት ሚሊሰከንድ ጩኸት፣ ወደ ስምንት ሚሊሰከንድ ጸጥታ። ፓኬቶቹ በጸጥታው እየሾለኩ ያልፋሉ። ድረ ገጽ የሚያነብ ሰው ነገሩን አያስተውለውም፤ ትንሽ ዘግየት ቢል ነው። ድምፅ ግን መጠበቅ አይችልም። የእኛ ራውተር ደግሞ ፍሪጁ አናት ላይ፣ ከምድጃው በክንድ ርቀት ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ሌባው ተገኝቷል» አልኳቸው።

«ማን ነው?»

«የእርስዎ ሽሮ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ከእኔ ጋር ቀልድ ጀመርክ?» አሉ። ምድጃውን እያበራሁና እያጠፋሁ፣ ስክሪኑ ላይ የፓኬቱን ቁጥር እያሳየሁ እስኪያምኑ ድረስ ሽሮው ሦስት ጊዜ ሞቀ። ራውተሩን ወደ ሳሎን አወረድነው፣ ወደ ቻናል 1 ወሰድነው፤ የብዙ ምድጃ ረብሻ ወደ ላይኞቹ ቻናሎች ስለሚያደላ ያ ይሻላል። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ፓልቶክ ላይ ረዥም ንግግር የሚያደርጉ ሰው ሆኑ። አንዳንዴ ምድጃው ቢረብሽ ይሻል ነበር እንላለን።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ የጨዋታ ወሬ ነበር። ሣጥኗ ግን መደርደሪያው ላይ ቀረች፤ እኔም እሷን ማየት ለመድሁ።

በዚያ ዘመን የነበሩ ላፕቶፖች፣ በተለይ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያላቸው፣ አንድ ጠባይ ነበራቸው። ሲከፈቱ ቀድሞ የተገናኟቸውን ኔትወርኮች በስማቸው እየጠሩ ይፈልጋሉ፤ እገሌ አለህ? እገሌስ? ኪስሜት ይህንንም ይመዘግባል። ስለዚህ ማንም የማንንም ፓስዎርድ ሳይሰብር፣ አንድም የተቆለፈ ነገር ሳይከፈት፣ ላፕቶፑ ባለቤቱ የዋለበትን ቦታ ሁሉ በአየር ላይ ይዘረግፋል። የወጣቱ ላፕቶፕ የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ይጠራል (ይሄድ ነበር ማለት ነው፤ አላመንነውም እንጂ)። የአንዱ የጎረቤት ማሽን አየር ማረፊያዎችንና ሆቴሎችን ይደረድራል፤ ሰውየው ነጋዴ መሆን አለበት እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር።

አራተኛው ደባላችን ዝምተኛ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ሥራ ገባሁ ብሎ በጠዋት ይወጣል፣ ደክሞ ይመለሳል፤ ገንዘብ ወዳድ ነው እያልን እናማው ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ላፕቶፑን ሲከፍት ስክሪኔ ላይ አዲስ ስም ወጣ፤ የአንድ ሆስፒታል የታካሚዎችና የጎብኚዎች ዋይፋይ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ተጠራ። ከስሙ ጀርባ የሕክምና ክፍሉ ምሕጻረ ቃል ነበረበት። ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለገኝም።

ነገሩን በሆዴ ያዝኩት። ምን እላለሁ? «ላፕቶፕህ ነገረኝ» አይባል። ሲደክመው ሻይ አፈላለታለሁ፣ ዕቃ የማጠብ ተራውን እሠራለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ያመሰግነኛል፣ እኔም ምስጋናውን መቀበል ይከብደኛል። የ2000 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ ሚሊኒየሙን አክብረን ድግሱ ሲበርድ፣ እሱ ራሱ ጠርቶ ነገረን፤ ኩላሊቱ ነበር፣ ሕክምናው ይዞለታል፣ ቤተሰቡ አገር ቤት እንዳይሰማ። ጋሼ ተነሥተው አቀፉት። «ታዲያ ለምን ለብቻህ ተሸከምከው?» አሉት። እኔም እንደ አዲስ ሰማሁ፣ እንደ አዲስ ደነገጥሁ። ያንን ማታ ፋይሎቹን በሙሉ አጠፋሁና ኪስሜትን የራውተሮቹን ስምና ቻናል ብቻ እንዲይዝ፣ የሰዎቹን ማሽኖች እንዲተው አስተካከልኩት። ሌባ ለመያዝ ከተነሣን የሚያስፈልገንን ያህል ማየት መብታችን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላ ሰው ነው።

በኋላ ነገሩ በእኛ ቤት ብቻ እንዳልቀረ ዓለም አየ። በ2010 ጉግል የመንገድ ፎቶ የሚያነሡት መኪኖቹ በየአገሩ ሲዞሩ ካልተቆለፉ ዋይፋዮች ላይ የሰዎችን መረጃ፣ ኢሜይል ሳይቀር፣ ሲሰበስቡ እንደነበር አመነ። መኪኖቹ ይጠቀሙባቸው ከነበሩት ፕሮግራሞች አንዱ ኪስሜት ነበር። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2012 የቀጣው 25,000 ዶላር ነው፤ እሱም ምርመራውን አጓተትክ ተብሎ እንጂ በመስማቱ አይደለም። በ2013 ከ38 ክፍላተ ግዛት ጋር በ7 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ዋጋውን ሳይ ለሰው ምስጢር የተሰጠው ግምት ያሳዝነኛል።

እኔ ያየሁትን ዛሬ ማየት ከባድ ነው። አፕል በ2014 በአይ ኦ ኤስ 8 ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ የውሸት አድራሻ እንዲጠቀም አደረገ፤ አንድሮይድ 10 በ2019፣ አይ ኦ ኤስ 14 በ2020 ለእያንዳንዱ ኔትወርክ የተለየ አድራሻ መስጠትን የተለመደ ነገር አደረጉት። የቀድሞ ኔትወርኮችን በስም መጣራቱም ቀንሷል። በጎ ለውጥ ነው፤ የቤታቸውን ኔትወርክ ለሚጠብቁ ሰዎች «ይህ የማን ስልክ ነው?» ማለትን ቢያከብድባቸውም።

ያኔ የተማርኩት ግን ዛሬም ይጠቅማል፤ ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። ዋይፋዩ ደከመብኝ ስትለኝ በስልኳ የዋይፋይ መቃኛ አስጭኜ የስክሪኑን ፎቶ በቴሌግራም እንድትልክልኝ አደረግሁ። የሞገዱ ጥንካሬ ሳሎን ላይ ሲቀነስ 48፣ መኝታ ቤት ሲቀነስ 81፤ በመሃል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ነው የሚጠነክረው። ጎረቤቶቿ በሙሉ ቻናል 6 ላይ ናቸው። ራውተሩን ኮሪደር ላይ አውጥታ ወደ 11 ቀየረችው። ከዚያ በፊት ሶኬቱን ነቅሎ ከመሰካት በቀር ማንም የነገራት አልነበረም።

ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ ኤል በ2016 እንኳ ገና ይሸጥ ነበር። የኦፕን ደብልዩ አር ቲ አዳዲስ ስሪቶች ግን የእኔዋን አይቀበሉም፤ ራሟ አይበቃም። ሥራው ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ በ2024፣ ሰዎቹ ኦፕን ደብልዩ አር ቲ ዋን የሚባል የራሳቸውን ራውተር በ89 ዶላር አወጡ። መሳቢያችሁ ውስጥ አሮጌ ራውተር ካለ ከመጣላችሁ በፊት ገልብጣችሁ የስሪት ቁጥሩን አንብቡ፤ ከተቀበለ ጫኑበትና ቤታችሁን አድምጡ። ከማብራታችሁ በፊት ግን አብረዋችሁ ለሚኖሩት ሰዎች ምን እንደሚሰማ ንገሯቸው።